መሥመር ሲቋረጥ ቅርንጫፉ ዝም አይበል

ባለፈው ክረምት ለጉዳይ ወደ አንዲት የገጠር ከተማ ሄጄ ሳለ በአንድ መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ውስጥ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ከፊቴ የቆሙት ባልቴት የሟች ባላቸውን የጡረታ ገንዘብ ሊቀበሉ የመጡ ሲሆኑ፥ ጉዳያቸው ከዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ መረጋገጥ ነበረበት። ጸሓፊው መነጋገሪያውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«እናቴ፥ ኔትዎርክ የለም፤ ነገ ይመለሱ» አላቸው።

«ልጄ፥ ስልኩ ይኸው ከፊትህ ተቀምጦ የለም እንዴ?» አሉት።

በኪሱ ያለው የእጅ ስልክ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ከታወቀው የቢሮ ቍጥር ካልተደወለ በቀር መልስ አይሰጥም። ባልቴቲቱም የማደሪያ ገንዘብ ሳይዙ ወጡ።

ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። ስልኩ ሳይበላሽ ስለምን ዝም አለ?

የቀድሞው ስልክ ኀይሉን የሚያገኘው ከስልክ ማዕከሉ 48 ቮልት ባትሪ በመዳብ ሽቦው በኩል ስለ ሆነ፥ የከተማው መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የዛሬው የቢሮ ስልክ ግን ድምፅን የሚያስተላልፈው በኢንተርኔት መንገድ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚወስነው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ በዋናው መሥሪያ ቤት ይቀመጣል። ስለዚህ በመካከል ያለው ገመድ በቁፋሮ ሲበጠስ፥ ጸሓፊው አምስት እርምጃ ርቆ ወደ ተቀመጠው ባልደረባው እንኳ መደወል ይሳነዋል።

መድኀኒቱ የታወቀ ነው። የቅርንጫፉ ራውተር የስልኮቹን ዝርዝር ይዞ በተጠባባቂነት እንዲቆም ይደረጋል። ስልኮቹ ዋናውን መሣሪያ በየጊዜው ይጠይቃሉ፤ መልስ ሲያጡ በራሳቸው ወደ ራውተሩ ይዞራሉ። ሲስኮ የተባለው ኩባንያ ይኸንን አሠራር «ኤስ አር ኤስ ቲ» ይለዋል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ አገልግሎት ቢጎድልም ዋናው መነጋገር አይቋረጥም።

ራውተሩ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ወደ ውጭ ለመደወል አንድ መደበኛ የስልክ መሥመር ወይም ሲም ካርድ የሚቀበል መሣሪያ ያስፈልገዋል። ሁለት ገመድ በአንድ ጉድጓድ ከተቀበረ አንድ ዶማ ሁለቱንም ይቈርጣልና፥ ተጠባባቂው መሥመር በሌላ መንገድ ይምጣ። መብራት ሲጠፋም ራውተሩ፥ ማከፋፈያውና ስልኮቹ በባትሪ እንዲቆዩ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የተጠባባቂው መሥመር ቍጥር አስቀድሞ በዋናው መሥሪያ ቤት ይመዝገብ፤ አለዚያ ድምፁ ቢሰማም የሚያምነው የለም።

ብዙ ቅርንጫፍ መሣሪያው ኖሮት ሳይፈትነው ይኖራል። መሥመሩ በተቋረጠ ዕለት መሯሯጥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ዐይነት ነው። ስለዚህ በቅርቡ የቅርንጫፍ ኀላፊነት የምትረከቡ ወጣቶች፥ ባለጉዳይ በሌለበት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለሞያውን አስጠርታችሁ የኢንተርኔቱን ገመድ አስነቅሉ። ከዚያ ወደ ጎረቤት ክፍልና ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደውሉ፤ ከውጭም ወደ እናንተ ይደወል። የጎደለውን ጽፋችሁ አሟሉ።

ያን ቀን የሚጠፋው አንድ ሰዓት፥ ከሩቅ ቀበሌ የመጡ አንዲት እናት ደጅ ከሚያድሩበት ሌሊት ያጥራል።