ደንገል በጥቁር ጭቃ ውስጥ እንዴት ይተነፍሳል?

ግንቦት ላይ፣ ጣና ከደልጊ ዳርቻ ሸሸት ሲል የሚቀረውን ጭቃ በጣት ጫር አድርገው ይዩት። ላዩ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ትንሽ ዝቅ ሲሉ አመድማ፣ ከዚያ ጥቁር ይሆናል። አፍንጫም የራሱን ይመሰክራል።

ቀለሙን የሚለውጠው የኦክስጅን ማለቅ ነው። ኦክስጅን በረጋ ውሃ ውስጥ የሚጓዘው በረጋ አየር ውስጥ ከሚጓዘው በአሥር ሺህ እጥፍ ገደማ ቀስ ብሎ ነው። ጭቃው ውስጥ የበሰበሰ ሣርና ቅጠል የሚበሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ የደረሰችውን ጥቂት ኦክስጅን ወዲያው ይጨርሷታል። ከዚያ በኋላም ሥራ አይፈቱም፤ ጠላ በተመረገ ጋን ውስጥ እንደሚብላላ ያለ አየር ይቀጥላሉ። በኦክስጅን ፋንታ መጀመሪያ ናይትሬትን፣ ቀጥሎ ማንጋኒዝንና ብረትን፣ ከዚያ ሰልፌትን ይጠቀማሉ። እሱም ሲያልቅ ሚቴን ጋዝ ያወጣሉ፤ ጭቃው ሲረገጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው በአብዛኛው እሱ ነው።

ታዲያ ሥሩን እዚህ ውስጥ የተከለው ደንገል እንዴት አይታፈንም?

የደንገል ግንድ ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ፣ ቀላልና ስፖንጅ መሳይ ነው፤ አብዛኛው አየር ነው። በጣና ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች ታንኳ የሚሠሩበት ለዚህ ነው። ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ፀሐይ ላይ አቁመው የሚያደርቁትም ያንኑ የአየር ቦታ ለማስመለስ ነው። ታንኳን የሚያንሳፍፈው አየር ግን ለተክሉ ሌላ ጥቅም አለው፤ በዚያ መንገድ ኦክስጅን ወደ ታች ወርዶ ሥር ይደርሳል፣ ከሥሩ ጫፍም ወደ ጭቃው ይፈስሳል። ኦክስጅን አጥቶ የሟሟው ብረት እዚያ ሲደርስ ይዝጋል። እንደ ደንገል በረግረግ የሚበቅለውን ፊላ ነቅለው ሥሩን ቢያጥቡ የሚያዩት ብርቱካንማ ሽፋን ይኸው ዝገት ነው፤ ከመጠን ያለፈ ብረት ወደ ተክሉ እንዳይገባ ያግዛል። የጣና ተፋሰስ አፈር በአብዛኛው ብረት ከበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ መከላከያው ሥራ አያጣም። ፊላ ከውሃ በታች ሲታጨድ ግን የአየር መንገዱ ውሃ ይሞላና ሥሩ ይታፈናል።

ባሕር ውስጥ ፈተናው ይከፋል። የባሕር ውሃ ሰልፌት ስለሚበዛበት ባክቴሪያዎቹ ከእሱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመርታሉ፤ የገማ እንቁላል የሚሸት መርዝ ነው። የባሕር ሣር ቅጠሉ ከውሃ በላይ ስለማይወጣ ቀን በብርሃን ራሱ በሚሠራው ኦክስጅን ሥሩን ይጠብቃል። ውሃው ሲደፈርስ ወይም ሌሊት ኦክስጅኑ ሲያንስ መርዙ በሥር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ባሕረ ሰላጤ ለጀመረው የባሕር ሣር እልቂት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ጣና ጨዋማ ባለመሆኑ ከዚህ ተርፏል።

ከፎስፈረስ ግን አልተረፈም። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል አባይ ከእርሻ ማሳ የሚያመጡት ደለል ፎስፈረስ ይዞ ይገባል። ኦክስጅን እስካለ ድረስ የዛገው ብረት ፎስፈረሱን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ኦክስጅን ሲጠፋ ብረቱ ይሟሟል፣ ፎስፈረሱም ወደ ውሃው ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እምቦጭ የሚጠቀመው በዚህ ነው። ተንሳፋፊ ስለሆነ ጭቃው ቢታፈን ግድ የለውም፤ ምግቡን ከውሃው ይወስዳል። ውሃው ላይ የሚዘረጋው የእምቦጭ ምንጣፍ ሲወፍር አየርና ብርሃን ወደ ውሃው እንዳይገቡ ይከለክላል፣ ከምንጣፉ በታች ያለው ኦክስጅን ያልቃል፣ ጭቃውም ያቆየውን ፎስፈረስ ይለቅለታል። ራሱን የሚቀልብ አረም ነው ማለት ነው።

እምቦጭ ለመንቀል በዘመቻ የሚወጣው ሰው ብዙ ይደክማል። ድካሙን ከንቱ የሚያደርገው፣ በእኔ እይታ፣ የተነቀለውን እዚያው ዳር ላይ መከመር ነው። ክምሩ ሲበሰብስ በውስጡ ያለው ፎስፈረስ ከክረምቱ ጎርፍ ጋር ተመልሶ ሐይቁ ይገባል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ክምሩ ቢያንስ መስከረም ላይ ውሃው ከሚደርስበት መስመር በላይ መራቅ አለበት።