ደም ብቻውን የማይነግረን የአንጎል ብግነት

ጆሴፕ ዳልማው በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ ስፔናዊ የነርቭ ሐኪም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከባልደረቦቻቸው ጋር የ12 ሴቶችን ሕመም መነሻ ይፋ አደረጉ። ሴቶቹ መጀመሪያ ጠባያቸው ተለወጠ፤ የሌለ ነገር ማየትና ሰውን መጠርጠር ጀመሩ። ቀጥሎ የሚጥል ሕመም መጣ፣ ራሳቸውን ሳቱ፣ አንዳንዶቹም መተንፈስ አቃታቸው። ከአብዛኞቹ የእንቁላል ዕጢ ላይ ቴራቶማ የተባለ ዕባጭ ተገኘ። ቴራቶማ ፀጉርና ጥርስ ሊያበቅል፣ የነርቭ ህዋስም ሊይዝ ይችላል። የሰውነት መከላከያ ይህን ለማጥቃት የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል አንጎል ውስጥ ገብቶ፣ ለትውስታ የግድ የሆነውን የኤንኤምዲኤ ተቀባይ ከነርቭ ህዋስ ገጽ ላይ ያመናምነዋል። ዕባጭ ሳይኖርባቸው የሚታመሙም ብዙ ናቸው።

ይህን ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው ምርመራ የሚሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ በሚራቡ የሰው ኩላሊት ህዋሳት ነው። ባለሙያው የተቀባዩን ዘረመል ያስገባባቸዋል፤ እነሱም ተቀባዩን ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። የታማሚው ናሙና ይጨመርባቸዋል፣ ይታጠባሉ፣ ከዚያ የሰው ፀረ እንግዳ አካል ላይ የሚጣበቅ አብሪ ቀለም ይደረግባቸዋል። በማይክሮስኮፕ አረንጓዴ ካበሩ ፀረ እንግዳ አካሉ ተገኘ ማለት ነው። ዘረመሉ ያልገባባቸው ህዋሳትም አብረው ይታያሉ፤ እነሱም ካበሩ ውጤቱ አይታመንም።

ከሁሉ በላይ ወሳኙ ግን የናሙናው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት 250 የዚህ ሕመም ታማሚዎችን ሲመረምር፣ ከጀርባ የተቀዳው የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ሁሉንም አሳየ፤ ደም ግን ወደ 14 በመቶ የሚጠጉትን ሳተ። ኤልጂአይ1 በተባለው ፀረ እንግዳ አካል በሚመጣው ሌላ የአንጎል ብግነት ደግሞ የሚሻለው ደም ነው። ስለዚህ ሁለቱም ይላኩ! ደም ላይ ብቻ በደካማው የታየ፣ ከምልክቶቹም ጋር የማይገጥም ውጤት ለብቻው በሽታ አይባልም።

ፈሳሽ ከጀርባ መቀዳቱ ሽባ ያደርጋል ብለው የሚፈሩ ቤተሰቦች አሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን የአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው ከወገብ ከፍ ብሎ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ የነርቭ ክሮች በፈሳሽ ውስጥ በሚንሳፈፉበት ቦታ ነው። ራስ ምታት ሊያስከትል ይችላል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቃል።

ውጤቱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም ምልክቶቹ፣ ኤምአርአይውና የአንጎል ሞገድ ምርመራው ወደዚህ ሕመም ካመለከቱ፣ ሌሎች መንስኤዎችም ከተጣሩ፣ የፀረ እንግዳ አካሉ መልስ ሳይጠበቅ ስቴሮይድና ሌላው ሕክምና እንዲጀመር ይፈቅዳል። በሌላ ጥናት ክትትል ከተደረገላቸው 501 የኤንኤምዲኤ ታማሚዎች መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ ከአምስቱ አራቱ ያህል ራሳቸውን ችለዋል፤ ቶሎ የታከሙት ደግሞ የተሻለ አገግመዋል።