ሽሮ ሜዳ ላይ ሳይታሰሩ እንጦጦ መውጣት

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ችቦው በርቶ፣ ልጆች ተጫውተው ከገቡ በኋላ ብዙ ቤት ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «እንጦጦ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት የምንወጣው?» የሚል። ጥያቄው የዋዛ ይመስላል። መስከረም 1 ቀን ተራራውን የሚወጣው ሰው ግን ብዙ ዓይነት ነው። የቅዱስ ራጉኤል ዓመታዊ ክብረ በዓል በዕንቁጣጣሽ ዕለት ስለሚውል፣ ነጠላውን አጣፍቶ ገና ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ ምዕመን አለ። ጠበል ቦታ ያለ ሕመምተኛ ዘመዱን «እንኳን አደረሰህ» ሊል ምግብ ቋጥሮ የሚወጣ አለ። ዶሮውን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ልጆቹን አዲስ ልብስ አልብሶ ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚያመራም አለ። ሦስቱም በአብዛኛው የሚያልፉት በአንድ መንገድ ነው፤ ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በአሜሪካ ኤምባሲ አጠገብ ሽሮ ሜዳ በሚደርሰውና ከዚያ በባሕር ዛፉ መሐል እየተጠማዘዘ በሚወጣው አስፋልት።

መኪና ሲቆም ሁሉም የሚያማርረው ዳገቱን ነው። እኔ ግን ጥፋቱን የምጥለው ሽሮ ሜዳ ላይ ነው። ዳገቱ ጠባብ ቢሆንም መኪናው እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ይሄዳል። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን መንገዱ ገበያም፣ የታክሲ ማዞሪያም፣ የእግረኛ መተላለፊያም ነው። የሐበሻ ልብስ ሊገዛ የመጣው ሰው መኪናውን ሱቁ ደጃፍ ያቆማል። ሚኒባሱ ለመጫን ይቆማል። ከኋላ ያለው ደግሞ እሱን ለማለፍ ከላይ የሚመጣውን መኪና መንገድ ይይዛል። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፍ የነበረው አስፋልት በዚህ ሁኔታ ለአንድም ይጠባል። ስለዚህ የበዓል መጨናነቅ የሚጀምረው በበዓሉ ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት አራት ቀናት ነው። ለዕንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለጥምቀት ልብስ መግዛት ያሰበ ቤተሰብ ሥራውን ከሁለት ሳምንት በፊት ቢጨርስ፣ ጥልፉን አይቶ፣ ተከራክሮና ለክቶ ይገዛል። ዋዜማ ላይ የሚገዛ ሰው ዋጋ የሚከራከርበት ጊዜ እንኳ የለውም።

ሰዓቱን በተመለከተ መታሰብ ያለበት ሰው የሚወጣበት ብቻ ሳይሆን የሚወርድበትም ጭምር ነው። የንግሥ ቀን ምዕመኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ተራ በተራ ነው፤ አንዱ ለኪዳን፣ አንዱ ለቅዳሴ፣ አንዱ ታቦት ሊወጣ ሲል። ታቦቱ ዑደቱን አድርጎ ወደ መንበሩ ሲመለስ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ከረፋዱ እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ነው። ልክ በዚያን ሰዓት ምሳውን ቀደም አድርጎ የበላው የፓርክ ጎብኚ ከታች ይነሳል። ወራጁና ወጪው ሽሮ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ከዚህ በኋላ ጥሩምባ መንፋት ለማንም የሚፈይደው ነገር የለም።

ራጉኤልን ለመሳለም የሚሄድ ሰው እንግዲህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ቢነሳ መንገዱ የእሱ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ከነጠላው በላይ ጋቢ ይያዝ። ፓርክ ለመሄድ ብቻ ያሰበ ቤተሰብ ደግሞ ምነው ቀኑን ባሸጋሸገው! ፓርኩ ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ክፍት ነው፤ መስከረም 1 ቀን ካልሄዱበት የሚያመልጥ ነገር የለም። አደይ አበባውም ቢሆን ወሩን ሙሉ ይቆያል። መስከረም 2 ወይም የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ያው ተራራ፣ ያው ንጹሕ አየር ነው። የግድ በበዓሉ ቀን ከሆነ፣ እኩለ ቀንን አሳልፎ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ መነሳት ይሻላል። የመስከረም መጀመሪያ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ድንገት እንደሚወርድ፣ 12 ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ እንደሚጨልም ማስታወስ ነው።

መኪና የግድ ነው ወይ? ጉልበቱ ለጠና ሰው ከሽሮ ሜዳ በእግር መውጣት የበዓሉ አንድ ክፍል ነው። ከየካ በኩል፣ ከፈረንሳይ ሠፈር ወደ ላይ የሚወጡ የእግር መንገዶችም አሉ፤ እንጨት ለቃሚ እናቶች በየቀኑ ሸክማቸውን ይዘው የሚወርዱባቸው ናቸው። ጫካው ውስጥ ግን ብቻን መሄድ አይመከርም፤ በቡድንና በብርሃን ይሁን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ሲነግሡ ሕዝቡ የወጣው በእግሩና በበቅሎው ነበር። ንጉሡና እቴጌ ጣይቱ ብርዱንና የማገዶ እጥረቱን ትተው ወደ ፍልውሃው ወረዱ፤ ከተማውም ተከተላቸው። ዛሬ ያ ከተማ በዓል በመጣ ቁጥር ተራራውን መልሶ ሊወጣ ይሞክራል፤ ያውም በመኪና።

የግል መኪና ይዞ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። አምስት ሰው የጫነች አሮጌ ቪትዝ ቦሌ ላይ እንደምትሮጠው እንጦጦ ላይ አትሮጥም። መንገዱ ክፍት ከሆነ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብላ ትወጣለች። ችግሩ ዳገት ላይ ተሰልፎ መቆምና መንቀሳቀስ ነው፤ ብዙ ሰው መኪናውን በፍሪሲዮን ይዞ ስለሚቆም ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፣ ራዲያተሩ ይፈላል። በቆሙ ቁጥር የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ከፊት ላለው መኪናም ወደ ኋላ ቢንሸራተት የሚበቃ ቦታ መተው ነው። መውረዱ ይብሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መውረድ ዕብደት ነው፤ ፍሬኑ ብቻውን ያን ሁሉ ክብደት ሲይዝ ይግልና መያዝ ያቆማል። በወጡበት ማርሽ መውረድ የሚለው የድሮ ሾፌሮች ምክር ዛሬም ይሠራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ግን የአምቡላንሱ ነገር ነው። ተራራው ላይ ፓርክና ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም ያለው፤ ነዋሪ አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ እንጦጦ ማርያምና ኪዳነ ምሕረት ጠበል ሱባኤ የያዙ ጽኑ ሕሙማን አሉ። አንዳቸው ድንገት ቢብስባቸው የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ አምቡላንሱ ግን የሚወጣው እርስዎ ባቆሙበት መንገድ ነው። ፎቶ ለመነሳት ጠርዝ ላይ፣ ያውም ከኩርባ ሥር ማቆም የተለመደ ሆኗል። እዚያ ለአምስት ደቂቃ የቆመ መኪና ከኋላው የሚያስከትለውን ሰልፍ ባለቤቱ አያየውም። የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ሲወጡም ይኼው ነው።

ይህ ዓይነቱ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። በስዊዘርላንድ የአልፕስ ተራሮች ሥር የሚያልፈው የጎትሃርድ ዋሻ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በፈረንጆቹ 1980 ሲከፈት በአንድ ቀዳዳ፣ ለመሄጃ አንድ ለመምጫ አንድ መስመር ሆኖ ነው። የፋሲካ ሰሞን ከዋሻው በፊት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሰልፍ ይሠራል። ሰፊው አውራ ጎዳና ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ይጠባልና፣ የእነሱ ሽሮ ሜዳ ያ ነው። በ2001 ዋሻው ውስጥ በተነሳ እሳት 11 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ከባድ ተሽከርካሪዎችን እንደ ጠብታ እየቆጠሩ ማስገባት ጀመሩ፤ ሁለተኛ ዋሻም እየቆፈሩ ነው። ለቤተሰብ የሚሰጡት ምክር ግን ከእኛው አይለይም፦ በማለዳ ወይም ዘግይተው ይውጡ፣ አለዚያ በሌላ መንገድ ይሂዱ።

እኛም ዋሻ አለን። ከየካ፣ ከላምበረት መናኸሪያ ተነስቶ በደብረ ብርሃን ወደ ወሎ የሚጓዝ ሰው ደብረ ሲና ከመድረሱ በፊት ጣርማ በርን ያልፋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ይህ ዋሻ ርዝመቱ 600 ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ እሱም ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ጉሙ ሲወርድ የፊተኛው መኪና መብራት እንኳ አይታይም። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ ለላሊበላ ገና የሚሄዱ አውቶቡሶች የሚጎርፉት በዚሁ በኩል ነው። ዋሻው ውስጥ መቅደም አይገባም፤ ከመግባት በፊት መብራት ማብራት፣ ርቀት መጠበቅ፣ ከወጡ በኋላ ወደ ደብረ ሲና ያለውን ረጅም ቁልቁለት በማርሽ መያዝ ነው።

እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ከአዲስ አበባ መውጣት አለ። የበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ፣ መገናኛና የኮተቤ ካራ የከብት ገበያ በበግና በሰው ይሞላሉ፤ የደብረ ብርሃን መውጫ ደግሞ በኮተቤ በኩል ነው። ሩቅ ተጓዥ የሆነ ሰው ከዋዜማው ሁለት ቀን ቀድሞ፣ የመንገዱን ደኅንነት ጠይቆ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላምበረት ቢገኝ ኮተቤን በጎቹ ሳይደርሱ ያልፋል፤ ጣርማ በርንም በቀን ብርሃን ያገኘዋል።