ከመድፍ ትምህርት ወደ ሕግ ማርቀቅ

በእንግሊዝ አገር በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በጦር መርከብ ያገለገለ መኮንን ወደ ፓርላማ ገብቶ ስለ አገሩ ሕግ መማከሩ የታወቀ ነገር ነበረ፤ አድሚራል ቻርልስ ቤረስፎርድ ከነዚህ አንዱ ነው። በኛ አገር በዚያ ዘመን የጦር መርከብ አልነበረም። ነገር ግን በመድፍ ትምህርት ሠልጥነው በኋላ ሕግ አርቃቂ የሆኑ ሰው ነበሩን፤ እኒያም ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ወደ ራስ መኰንን ቤት ገብተው፣ በ1888 ዓ.ም. ገና ብላቴና ሳሉ ከጌታቸው ጋራ ዓድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ሌዎንቲየፍ የሚባል መስኮብ ወደ አገሩ ወሰዳቸው፤ በአንድ መኮንን ቤተ ሰብ ዘንድም አድገው በፔተርስቡርግ የመድፍ ትምህርት ተማሩ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ አራዊትን እያናገሩ የሰውን ጠባይ የሚገሥጽ ጨዋታ ጻፉ፤ የመጀመሪያው ያማርኛ ቴአትር ይኸው ነው። እኛ በጎጃም ቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ስናነብ ሰሙን ከአውሬው፣ ወርቁን ከሹሙ ዘንድ ለማግኘት ብዙ አንደክምም። ከዚህም ሌላ ጅጅጋንና ጨርጨርን ገዝተዋል።

ዋናው ሥራቸው ግን በሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው ሕገ መንግሥት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ባዘዙት መሠረት አብዛኛውን የጃፓንን ሕግ አብነት አድርገው አረቀቁት፤ በተፈረመም ጊዜ ሕገ መንግሥት ማለት ምን እንደ ሆነ ለመሳፍንቱና ለመኳንንቱ በንግግር አስረዱ። ሕጉ 55 አንቀጽ ሲኖረው ሁለት ምክር ቤት አቆመ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ይባላሉ። የሕግ መምሪያው አማካሪዎች ግን፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ፣ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ተወሰነ።

መምህራን ሆይ፣ «እስኪችል ድረስ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። በቡሬና ዛሬ ፍኖተ ሰላም በሚባለው አገር ዙሪያ ያለ ባላገር ግብሩን ይከፍል፣ ለዘመቻም ይጠራ ነበር፤ ስለ እርሱ የሚናገረውን ሰው ግን ሌላ ይመርጥለት ነበር። አንባቢና ጻፊ ጥቂት በሆነበት ዘመን መጠንቀቁ ያስተዛዝን ይሆናል። ሆኖም በኔ አስተያየት፣ ትምህርት ቤት ያላደረሱለትን ሰው «ገና አልቻልህም» ማለት ፍርዱ የተዛባ ነው። ሕጉ በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ራሱ እንዲመርጥ እስኪፈቀድለት ድረስ 24 ዓመት አለፈ።

ተክለ ሐዋርያት የገንዘብ ሚኒስትርም ነበሩ። በኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት በተነሣ ጊዜ በዤኔቭ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቀረቡ። ጣልያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ተሰደው በማዳጋስካር ብዙ ዘመን ኖሩ። ከስደት ከተመለሱም በኋላ ሂርና ላይ በእርሻ ተቀመጡ። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በእጃቸው የጻፉት የሕይወታቸው ታሪክም ከሞታቸው በኋላ ታትሞ ይነበባል።