ጃፓን የሚሄድ ልጅ ባሕር ዳር ምን ይለማመዳል?

ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ቶኪዮ መሽቶ ነበር፤ ባሕር ዳር ገና ከቀኑ 8፡30 ነው። ሰለሞን ባረጋ በኦሊምፒኩ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ በመጨረሻው ዙር ተፈትልኮ ኡጋንዳውያኑን ጆሹዋ ቼፕቴጌንና ጃኮብ ኪፕሊሞን አስከትሎ ገባ። በዚያው ዕለት ባሕር ዳርም የራሷ ፍጻሜ ነበራት። በከተማዋ ሲካሄድ የሰነበተው የሴካፋ ከ23 ዓመት በታች ዋንጫ ተጠናቀቀ፤ ታንዛኒያ ቡሩንዲን በመለያ ምት 6 ለ 5 ረትታ ዋንጫውን አነሣች።

ታዳጊ የሚያሠለጥን ሰው ከእነዚህ ሁለት ወሬዎች የሚይዘው ነገር ከሌላው ተመልካች ይለያል። ሰለሞን ቶኪዮ ከመግባቱ 5 ዓመት በፊት፣ በ16 ዓመቱ፣ ፖላንድ ውስጥ ቢድጎሽ ላይ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና የ5 ሺህ ሜትር አሸናፊ ነበር። ሻንጣ ማዘጋጀት፣ ባዕድ አልጋ ላይ መተኛት፣ የማያውቀውን ምግብ ለምዶ መብላት የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው። ታንዛኒያውያኑም ቢሆኑ ከባሕር ጠረፍ አገር ተነሥተው፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በክረምት አጋማሽ ዋንጫ ይዘው ተመልሰዋል። በየውድድሩ ማግስት "ከፍታው ነው"፣ "አየሩ ነው" የሚለው ሰበብ ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ላይ ትንሽ ሊያፍር ይገባው ነበር።

ሌላው ዓለም ወጣትን ይዞ ባሕር መሻገርን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይቆጥረዋል። የኒውዚላንድና የአውስትራሊያ ትምህርት ቤቶች የራግቢ ልጆቻቸውን ጃፓን ይልካሉ፤ ልጆቹ ከእኩዮቻቸው ጋር ይጋጠማሉ፣ ብዙ ጊዜም ከጃፓን ቤተሰብ ጋር ያድራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በፉኩኦካ ግዛት ሙናካታ ከተማ የተጀመረው የሳኒክስ የወጣቶች ራግቢ ውድድር የልዩ ልዩ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያገናኘ ነው። ራግቢ ለጣና ዳር ልጅ እንግዳ ስፖርት ነው። የእኛ ልጅ ጃፓን የሚደርሰው በሩጫ ነው፤ እሱም አርፎ፣ ሮጦ፣ በማግሥቱ ለመመለስ። ያችው ፉኩኦካ በመጋቢት 1998 ዓ.ም. የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናን አስተናግዳለች። ቀነኒሳ በቀለ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት ለ5ኛ ተከታታይ ዓመት አሸነፈ፤ ጥሩነሽ ዲባባና ገለቴ ቡርቃ የሴቶቹን ሁለት ወርቆች ተካፈሉ። የወጣቶቹ የግል ወርቆች ሁለቱም ወደ ኬንያ ሄዱ። ዛሬ ስለዚያ ውድድር ሲወራ የሚነሣው ቀነኒሳ ነው፤ ወጣቶቹ ከዚያ ጉዞ ምን ይዘው እንደተመለሱ የጠየቀ ሰው ብዙ አይመስልም።

የጉዞው የመጀመሪያ ፈተና ግን ከመሙ ሩቅ ነው፤ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ይጀምራል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ገጠር የተወለደ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት የሚያወጣው ዘግይቶ፣ በክርስትና ወረቀት ወይም በምስክር ቃል ነው። አሠልጣኙ ከሰነዱ በፊት እናቲቱን ይጠይቃል፤ ከአቸፈር ወይም ከዘጌ የመጡ እናት ከሆኑ መልሱ ቁጥር የለበትም።

"እማማ፣ መቼ ነው የወለዱት?"

"የታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን ነው፤ ጤፉ አውድማ ላይ ነበር።"

ለእናት ይህ በቂ ነው፤ እንዲያውም ከብዙ ማኅተም የታመነ ነው። ለዓለም አትሌቲክስ ግን "ሰሞን" የሚባል ነገር የለም። ከ20 ዓመት በታች የሚባለው ውድድሩ በሚካሄድበት ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 20 ያልሞላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሊማ ላይ ለተካሄደው ሻምፒዮና መነሻው የ2005 ልደት ነበር፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ደግሞ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1997 ነው። ገብርኤል 19 ነው። በገብርኤል ዕለት የተወለደው ልጅ ሊማ መሄድ አይችልም፤ ከ4 ቀን በኋላ የተወለደው ይችላል። አንድ የመዝገብ ሠራተኛ ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 መደመር ሲገባው፣ ሁሉንም በ8 ቢያሰላው፣ ማንም ሊያጭበረብር ሳያስብ አንድ ልጅ ወረቀት ላይ አንድ ዓመት ያንሳል። ስሕተቱ ፓስፖርት ላይ ከታተመ በኋላ ማቃናት ከ10 ሺህ ሜትር ይረዝማል።

እግር ኳስ በዚህ ነገር ወረቀትን ማመን ትቷል። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስነሣል፤ የእድገት መስመሩ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ልጁ ከዕድሜው በላይ ነው ይባላል። ምርመራው የሚይዘው ግን ያንን አንድ የዕድሜ ክልል ብቻ ነው። 19ና 20ን አይለይም፤ ስለዚህ ለሯጩ የገብርኤል ሰሞን ጥያቄ እንዳለ ይቆያል።

ቀጥሎ ሰዓት አለ። ቶኪዮ ከኢትዮጵያ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። ሰውነት ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚያስተካክለው፤ ወደ ምዕራብ ከመሄድም ይከብደዋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ቡድን መሪ ልጆቹን ከመነሣታቸው ቀደም ብሎ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ቀድመው እንዲተኙና ቀድመው እንዲነሡ ያደርጋል። በባሕር ዳር ይህ ቀላል ነው፤ ከተማው ማለዳ ይነሣል፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ሐይቅ ዳሩም የቤዛዊት አቀበትም ሯጭ አያጣም። የሚከብደው ማታ ስልካቸውን መንጠቅ ነው።

ከዚህ የባሰው የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። የውድድር ፕሮግራም ላይ 20፡30 ተጽፎ ሲመጣ ለልጁ ከምሽቱ 2፡30 መሆኑን አንድ ጊዜ ነግሮ መተው አይበቃም። 8፡30 ከተጻፈ ደግሞ ልጁ ከቀኑ 8፡30 ብሎ ተዝናንቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ ውድድሩ ግን ከጠዋቱ 2፡30 ነው። ሯጮች ከውድድሩ ቀደም ብለው ተቆጥረው የሚገቡበት ክፍል አለ፤ ልጆቹ "ኮል ሩም" ይሉታል። በሩ ከተዘጋ ይቅርታ የለም። ምሩጽ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ የ5 ሺህ ሜትሩን ሳይሮጥ ቀረ፤ ምክንያቱ እስከ ዛሬ በተለያየ መንገድ ይነገራል፣ ያመለጠው ግን ሰዓቱ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ ሁለት የአሜሪካ አጭር ርቀት ሯጮችም የውድድሩ ሰዓት ተዛብቶ ተነግሯቸው የ100 ሜትሩ ሩብ ፍጻሜ አመለጣቸው። ምሩጽ ለማካካስ 8 ዓመት ጠበቀ፤ ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። ስምንት ዓመት ጠብቆ የሚመለስ ምሩጽ ግን በየመንደሩ አይገኝም። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ የሚሠራ አስተዋይ አሠልጣኝ ከጉዞው በፊት የልምምድ ቀጠሮውን ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር መስጠት ይጀምራል። መጀመሪያ ሰሞን ግማሹ ቡድን ይቀራል፤ መቅረቱም እዚሁ ቢሆን ይሻላል።

ምግቡ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የክረምት ውድድሮች ከፍልሰታ ጾም ጋር ይጋጫሉ፤ በ2013 የኦሊምፒኩ የሴቶች ማራቶን የተሮጠው ልክ በነሐሴ 1፣ በጾሙ መግቢያ ነው። ጃፓን ሩዝና አትክልት የሞላበት አገር ስለሆነ ጾመኛ ልጅ አይቸገርም ብሎ የሚያስብ ቡድን መሪ አንድ ነገር ይረሳል። ሚሶ የሚባለው ሾርባ አትክልት ብቻ ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ደርቆ ከተፋቀ ዓሣ በሚወጣ መረቅ ነው፤ ኑድሉም እንዲሁ። እዚህ ላይ የጣና ዳር ልጅ ከሌላው ይለያል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር አብሮ ሰምቶ ያደገ ነው። አንዱ "ችግር የለውም" ይላል፣ ሌላው ሳህኑን ይገፋል። ሙስሊም ልጅም ከአሳማው ሥጋ ሌላ ወጡ ውስጥ የሚጨመረውን የሩዝ ወይን መጠየቅ ይኖርበታል። ቡድን መሪ በማንም ሃይማኖት መፍረድ ሥራው አይደለም፤ ሥራው ልጁ ባዶ ሆዱን መም ላይ እንዳይቆም ቀድሞ ጠይቆ ማወቅ ነው። በሶና ቆሎ ሻንጣ ውስጥ ቦታ የሚያጡት እናት ሻንጣውን ካላዘጋጀች ብቻ ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ የባሕር ዳር ሰው ትንሽ ይኮራል። ሯጮቻችን በአብዛኛው የሚሠለጥኑት ከ2,300 ሜትር በላይ፣ በቀዝቃዛ አየር ነው። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሙቀት ተፈርቶ ወደ ሰሜን ወደ ሳፖሮ ሲዛወር እንኳ ነገሩ አልቀለለም። የሴቶቹ ውድድር በዋዜማው ምሽት በአንድ ሰዓት እንዲቀድም ተወሰነ። ከሴቶቹ ውድድር በማግሥቱ ከተሰለፉት 106 ወንዶች 30ዎቹ አቋረጡ፤ ሌሊሳ ዴሲሳ፣ ሲሳይ ለማና ሹራ ቂጣታ ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ከሴቶቹ ሮዛ ደረጀ 4ኛ ወጣች። ሙቀቱ ብቻ ነው ያሸነፋቸው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ላብ በማይደርቅበት አየር ውስጥ መሮጥ ሌላ ሩጫ ነው።

"እኛ ለሙቀት ቅርብ ነን" የሚለው ኩራት ግን ልክ አለው። ባሕር ዳር የሚሞቀው መጋቢትና ሚያዝያ ነው፤ ያ ሙቀት ደረቅ ነው። እርጥበቱ የሚመጣው ክረምት ሲገባ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አየሩ ይቀዘቅዛል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ 2 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ ከተወው ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል። የሚያዝያ ሙቀት ለነሐሴ ቶኪዮ አይቀመጥም። ክረምት ላይ ያለው አማራጭ ልብስ ደርቦ እኩለ ቀን ላይ፣ በወጌሻ እይታ፣ ልብ ምትና ክብደት እየተመዘገበ መሮጥ ነው። መንገደኛው ቢስቅም ይሠራል።

ጃፓንን በመመላለስ የለመደው የመጀመሪያው ሯጫችን አበበ ቢቂላ ነው። በ1953 ዓ.ም. ኦሳካ ላይ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ 6 ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ በ2፡12፡11 ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ወሰደ። በዚያው የኢትዮጵያ ዓመት ተመልሶ በቢዋ ሐይቅ ዳር የማይኒቺን ማራቶን አሸነፈ። ቢዋ የጃፓን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ በስፋት ግን የጣናን ሩብ አይሞላም።

አበበ እየሄደ ይመለስ ነበር፤ ኢብራሂም ጄይላን ግን እዚያው ተቀመጠ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ቤጂንግ ላይ በ10 ሺህ ሜትር፣ በ2000 ዓ.ም. ኤድንብራ ላይ በአገር አቋራጭ የወጣቶች የዓለም አሸናፊ ከሆነ በኋላ ወደ ጃፓን ሄዶ የሆንዳ ኩባንያን ቡድን ተቀላቀለ። በአገር ቤት ብዙ ሰው ዘነጋው። ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ዴጉ ላይ ሞ ፋራህን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ደርሶበት በ27፡13.81 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ልዩነታቸው ከሩብ ሰከንድ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላም ሞስኮ ላይ ብር አገኘ።

ጃፓን የኩባንያ ሯጭ የምትፈልገው በዋናነት ለኤኪደን ነው። ኤኪደን የጎዳና ዱላ ቅብብል ነው፤ ሯጮች የሚቀባበሉት ከትከሻ እስከ ወገብ የሚንጠለጠል ጨርቅ ነው፣ እሱም ላብ ጠጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። በጉንማ ግዛት በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን የኩባንያ ቡድኖች 100 ኪሎ ሜትር በ7 ሯጭ ይከፋፈሉታል፤ የውጭ አገር ሰው ለአንድ ቡድን አንድ ብቻ፣ እሱም በተወሰነለት እርከን ነው። ለብቻው መሮጥ የለመደ የእኛ ልጅ እዚያ የሚማረው ሌላ ሰው እሱን ቆሞ እንደሚጠብቅ ነው።

ይህን ለማስለመድ ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የከተማዋና የአጎራባች ወረዳዎች ታዳጊ ቡድኖች በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ፣ መንገዱ ደረቅ በሆነበት ሰሞን፣ በ6 ሯጭ ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል። ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፍ፤ የልደት ቀኑም ከመስመሩ በፊት ይጣራ።