ከ«ድጋፍ» ይልቅ «ጥገና»፦ በመሣሪያ ውስጥ ለሚገጠሙ ኮምፒዩተሮች የቃል ምርጫ

«የሥርዓተ ክወናው ድጋፍ አብቅቷል» የሚል ዐረፍተ ነገር በሆስፒታል መሣሪያ መመሪያ ውስጥ ሲነበብ፣ አንዱ ባለሙያ መሣሪያው ነገ ሥራ የሚያቆም ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ የአምራቹ ምክር ብቻ እንደ ተቋረጠ ቆጥሮ ያለ ሥጋት ይገለገልበታል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ያሳሳታቸውም ቃሉ ነው።

«ደገፈ» የዘመመ ግድግዳን በባላ ማቆምን ያሳስባል፤ ባላው ሲነሣ ግድግዳው ይወድቃል። ሥርዓተ ክወና ግን ቀኑ ካለፈም በኋላ እንደ ወትሮው ይሠራል። የሚቀረው፣ አዲስ የሚገኝበትን የደኅንነት ቀዳዳ የመድፈኑ ሥራ ነው። ክዳኑን የሚጠግንለት ያጣ ጎጆም በዚያው ዕለት አይፈርስም፤ ክረምት ሲገባ ግን ያፈሳል።

«ዕድሳት» ወደሚለው አዘንብለን ነበር፤ ሆኖም ለእነዚህ ኮምፒዩተሮች የሚፈለገው በተቃራኒው አለመታደስ ነው። ኤቲኤም ወይም የሕክምና መመርመሪያ ለአንድ ተግባር ተሠርቶና ተፈትሾ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ በየጊዜው አዲስ ጠባይ ቢጨመርበት የተፈተሸው አሠራሩ ሊናጋ ይችላል። ስለዚህ ነባሩ ሳይለወጥ ጉድለቱ ብቻ ይታረማል። ይህን በአማርኛ ጥገና እንለዋለን። ጠጋኝ ወደ ቤት የሚመጣ እንዳይመስል ግን «የሥርዓት ጥገና» ማለት ይገባል።

ማብቂያውም ከምርቱ ሙሉ ስም ጋር መጻፍ አለበት። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤክስፒ ጥገና ለተራ ኮምፒዩተሮች እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014፣ በመሣሪያ ውስጥ ለሚገጠመው ዐይነት በጃንዩወሪ 2016፣ ለመደብር ሽያጭ መሣሪያዎች ለተዘጋጀው የ2009 ዐይነት ደግሞ በኤፕሪል 2019 አብቅቷል። ተርጓሚው «ኤክስፒ» ብሎ ቢያልፍ የአምስት ዓመት ልዩነት ይሰወራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው የዊንዶውስ 10 የረጅም ዘመን እትምም፣ ለድርጅት ኮምፒዩተሮች የተዘጋጀው እስከ ጃንዩወሪ 2027፣ ለልዩ መሣሪያዎች የተዘጋጀው እስከ ጃንዩወሪ 2032 እንዲጠገን ቀን ተቆርጦለታል።

ኮምፒዩተሩን ራሱን «የተቀበረ» የሚሉ አሉ፤ ቃሉ ፈንጂን ስለሚያስታውስ አልወደድነውም። «ሥርጽ» የሚለውም ከነገረ መለኮት ትርጉሙ በቀላሉ አይላቀቅም። «ውስጠ መሣሪያ ኮምፒዩተር» ብንል ግን ውስጠ ዘን ለተማረ፣ ውስጠ ወይራንም ለሚያውቅ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ደግሞስ ከውጭ ሚዛን፣ ከውስጥ ኮምፒዩተር ከሆነ ዕቃ የበለጠ ውስጠ ወይራ ከወዴት ይገኛል?