ለትንሽ እጅ የሚስማማ ሽጉጥ አመራረጥ

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሱቁን አምሽቶ የሚዘጋ ነጋዴ በመንገዱ ጅብ ቢያጋጥመው የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህም ሽጉጥ ለመያዝ የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመለከተው የጥይቱን ትልቅነት ነው። ነገር ግን እጁ ትንሽ የሆነ ሰው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው የእጀታውን ውፍረትና የቃታውን ርቀት ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ካዝናው ወጥቶ፣ ውስጡም ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ፣ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ዞሮ ሽጉጡ ይጨበጣል። አፈሙዙ ከክንድ ጋር ቀጥ እንዳለ የሌባ ጣት ጫፍ ቃታው ላይ በደንብ ሊያርፍ ይገባል። እጅ ካልተጣመመ የማይደርስ ከሆነ ጥይቱ ዒላማውን ይስታል።

ጥይት በአንድ ረድፍ የሚይዝ ካዝና እጀታውን ያቀጥነዋል፤ በሁለት ረድፍ የሚይዘው ያወፍረዋል። ስምንት ጥይት የሚጎርሰው ማካሮቭ ባለ አንድ ረድፍ ሲሆን፣ ክብደቱ 730 ግራም ያህል ነው፤ ሆኖም መዶሻው አስቀድሞ ካልተነሣ የመጀመሪያው የቃታ ስበት ይከብዳል። በአላስካ ድብን ለመከላከል የሚያዘው ባለ 44 ማግነም ሽጉጥ ደግሞ ርግጫው ብርቱ ስለሆነ ለትንሽ እጅ አይመችም።

ከሁሉ አስቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። ቤት በተጠጋጋበት ሰፈር የሳተች ጥይት ከጅቡ ይልቅ ጎረቤትን ልትጎዳ ትችላለች። ጅብን የሚስበው በደጃፍ የተጣለ አጥንትና ጥራጊ ነውና፣ ንጹሕ ደጅና በቂ መብራት ከሽጉጥ ይቀድማሉ።